ችግኙን ግዙ፣ ዲዛይኑን ተዉ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ጅማ ውስጥ አንድ ችግኝ ቤት አለ፤ ችግኝ ልትገዙ ከሆነ ሂዱ፣ አትቆጩም። «የጓሮ ዲዛይን» የሚሉትን ፓኬጅ ልትገዙ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። ለችግኙ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለዲዛይኑ ሁለት። እነዚያን ሁለት ኮከቦችም የሰጠሁት ልጆቹ ትሑት ስለሆኑ ነው።

የችግኝ ቤቱን ስም አልጠራም። ወቀሳ አለኝ፤ ወጣቶች ተደራጅተው የከፈቱትን ሥራ ስም ጠርቼ አደባባይ ማውጣት አልፈልግም። ደግሞ ጅማ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት አሠራራቸው ይመሳሰላል። እዚህ የምለው አብዛኛው ሌላውም ጋ ይሠራል።

ምን ፈልጌ እንደሄድኩ ካልነገርኳችሁ ወቀሳዬ ጭቅጭቅ ይመስላል። የምኖረው ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። ከቤቱ የተረፈው ግቢ 150 ካሬ ቢሆን ነው። ግማሽ ጎኑ የደረቀ አንድ ብሳና፣ ጥቂት እግር ቡና፣ ፓፓያና አቮካዶ፣ የእናቴ ጤና አዳምና በሶብላ፣ አጥር ጥግ ደግሞ አንድ ግራዋ ነበረን። የቀረው ባዶ መሬትና ከግንባታ የተረፈ ፍርስራሽ ነው። እኔ የፈለግኩት ወፍ የሚያርፍበት፣ ንብ የሚቀስምበት፣ ማታ ማታ እንቁራሪት የሚጮህበት ግቢ ነው። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የሚነሳበት አይደለም።

ይሄ ጅማ ላይ ከባድ ነገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል። መጋቢት ላይ የጀመረ ዝናብ እስከ ጥቅምት ይጎትታል። ለአጥር የተተከለ እንጨት ሳይቀር ያቆጠቁጣል። ወፉም ሩቅ አይደለም፤ የቦዬ ረግረግ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የሚበላና የሚደበቅበት ካለ ራሱ ይመጣል። ከባዱ ነገር የሚያጸዳውን ሰው እጅ መያዝ ነው።

ወደ ችግኝ ቤቱ ልግባ። የሄድኩት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። በአረንጓዴ መረብ የተሸፈነ መደብ አለ። ችግኙ በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሯል። ጥግ ላይ የቡና ገለፈት ተቆልሏል። የሚያስተናግደው ልጅ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። «ማዘር» ሳይሆን «እህቴ» ነው ያለኝ። ከአራት ተኩሉ ላይ ተኩሏ ለዚህ ነች።

ከፊት የተደረደረው የትም የምታዩት ነው፤ ጽጌረዳ፣ ቡገንቪሊያ፣ ዘንባባ፣ የፈረንጅ ጽድ። ወደ ኋላ ስትገቡ ግን ዶቅማ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ኮረች፣ ሰሳ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባ፣ ወይራ። በአንድ ቦታ ይህን ሁሉ አገር በቀል አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ልጁ እንዳለኝ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የአገር በቀል ችግኝ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ስለበዛ ዘር መልቀም ለመዱ። መሥሪያ ቤቶቹ በጅምላ ይወስዳሉ። ለቤቱ ብሎ የሚገዛ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋጋው ርካሽ ነው። አንድ ግራፍት የተደረገ አቮካዶ 250 ብር ሲሉኝ ዶቅማው 40 ብር ነበር። ሥራዬ ሒሳብ ነውና ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ያው 40 አለኝ።

ችግኙን ለምን እንደወደድኩት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ስትገዙም የምታዩት ይሄንኑ ነው። ብዙ ሰው ረጅሙን ይመርጣል። ረጅም ችግኝ በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቆየበት ነው። ስሩ መሄጃ አጥቶ ከታች ይጠመዘዛል። እንደዚያ ሆኖ ከተተከለ መሬት ውስጥም መጠምዘዙን አይተውም፤ ዛፉ ከዓመታት በኋላ ንፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ልጁን «አንዱን ቅደድና አሳየኝ» አልኩት። ብዙ ሻጭ በዚህ ይቆጣል። እሱ ምላጭ አውጥቶ ቀደደው። ስሩ ነጭ ነበር፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የወረደ። አፈሩ ግማሹ የበሰበሰ የቡና ገለፈት ነው። ጅማ ላይ ገለፈት በሽ በሽ ነው፤ በደንብ ከበሰበሰ አፈሩን ለስላሳ ያደርገዋል። ሳይበስል ተክል ስር ከቆለላችሁት ግን ይግላል፣ ስር ያቃጥላል። ይህንንም ልጁ ነው የነገረኝ፣ ሳልጠይቀው።

ሌላው የወደድኩት፣ አንድ ነገር አልሸጥም ብሎኛል። ሾላ ፈልጌ ነበር። ሾላ ለወፍ የሚሆን ሱቅ ማለት ነው፤ ፍሬው ግንዱ ላይ ሳይቀር ይንጠለጠላል፣ ትልቅ መንቁር ያለው ያ ጥቁርና ነጭ ጯሂ ወፍ ሳይቀር ለሱ ብሎ ይመጣል። ልጁ ግቢው ስንት ካሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እህቴ፣ ስሩ ሴፕቲክ ታንክሽን ይፈልገዋል፣ ከዚያ መሠረቱን» አለኝ። ዋንዛንም እንዲሁ አስተወኝ፤ ቅርንጫፉ ሲዘረጋ ግቢውን በሙሉ ይሸፍናል። ለትንሽ ግቢ አንድ ትልቅ ዛፍ ይበቃል፣ ብሳናው ደግሞ አለ። ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛን እንዲህ የሚመልስ ሻጭ ስንቱን አይታችኋል?

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣላን። ለወፍ ነው ስለው የወፍ ቆሎ አመጣልኝ፣ ያ ቢጫና ሮዝ አበባ ያለው ቁጥቋጦ። አበባው ያምራል፤ ቢራቢሮም ይወደዋል። ግን መጤ ነው፣ የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ። ወፍ ፍሬውን በልቶ በየቦታው ይዘራዋል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ስንት የግጦሽ መሬት እንዳበላሸ ያየ ያውቃል። ከብት ከበላውም ይመርዛል። ቡና የሚበቅልበት አገር ላይ ተቀምጦ ይሄን መሸጥ ነውር ነው አልኩት። «ሰው ይወደዋል እኮ» አለኝ። ግማሽ ኮከቧ የቀረችው በዚህ ነው።

በመጨረሻ የወሰድኩት ይሄን ነው። ከኋላ አጥር ስር አንድ ዶቅማ። ከሱ ራቅ ብሎ አንድ ኮረች። ከቆርቆሮው አጥር ውስጥ ለውስጥ ሰንሰል፣ እዚህ ዱሙጋ የሚሉት። መሃል ላይ የፈረስ ዘንግና እሬት። ዝግባም ጨመርኩ፣ እሱ ለእናቴ ነው። ሰንሰሉን ግን መግዛት አይጠበቅባችሁም። ከማንም አጥር ላይ ቆርጣችሁ እርጥብ መሬት ላይ ብትሰኩት ይይዛል። እኔም ግማሹን የወሰድኩት ከጎረቤታችን ከሐጂ አጥር ነው። ነጭ አበባው ሲወጣ ንቡ ከጠዋት እስከ ማታ አይለቀውም። ጥቅጥቅ ስለሚል ትንንሽ ወፎች ውስጡ ይደበቃሉ፣ ድመትም በቀላሉ አይገባበትም። ከሽቦና ከጠርሙስ ስባሪ በብዙ ይሻላል።

ኮረችም እንዲሁ ከቅርንጫፉ ይበቅላል። ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ሲያወጣ ማየት ነው። ሥሩ ናይትሮጅን ስለሚይዝ አፈሩን ያጠግባል፤ ገበሬዎቻችን ማሳቸው ዳር የሚያቆዩት በከንቱ አይደለም። እሾሁን ግን ልብ በሉ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ አትትከሉት።

እስካሁን ያለው ምስጋና ነው። አሁን ወደ ዲዛይኑ።

ልጁ «ቡድን አለን፣ ግቢውን አይተን ዲዛይን እናወጣለን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ቀብድም ከፈልኩ። ደረሰኝ ጠየቅኩ፤ «በቴሌብር ያየሽው ይበቃል» ተባልኩ። መጡ፣ ለኩ፣ ቡና ተፈላላቸው። ከዚያ በስልክ የተሠራ ሥዕል ላኩልኝ። ሥዕሉ ላይ ያለው ግቢ የሆነ ሆቴል ይመስላል።

ግቢው በሙሉ ፓስፓለም ሳር ነው። ዳሩ ላይ በመቀስ የተስተካከለ ዱራንታ የሚሉት ቁጥቋጦ። ሁለት ዘንባባ በር ላይ። ነጭ ጠጠር። በሞተር የሚሠራ ፏፏቴ። ዛፎቹ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚያበራ ፓውዛ። የደረቀው ብሳና ተቆርጧል። ግራዋው ተነቅሏል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ዲዛይነሩ «ግራዋ ገጠር ያስመስላል» አለኝ። በየወሩ ደግሞ የተባይ መድኃኒት ርጭት አለ፣ በፓኬጁ ውስጥ «ነፃ» ተብሎ። ጠቅላላ የሥራው ዋጋ፣ ተክሉን ሳይጨምር፣ 14,000 ብር።

ወፍና ንብ እፈልጋለሁ ብዬ ነው የነገርኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ወይም ሰምተው፣ ወፍ ማለት ሥዕሉ ጥግ ላይ የሚለጠፍ ነገር መስሏቸዋል። በእርግጥም ሁለት ወፍ ለጥፈው ነበር። አንዷ ሃሚንግበርድ ናት። ሃሚንግበርድ የምትኖረው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። የኛዋ ሌላ ናት፤ መንቁሯ ቀጭንና ጠምዘዝ ያለ፣ ወንዱ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ላይ ተንጠልጥላ የምትመጥ። ሁለቱ ሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ሥራቸው ብቻ ተመሳስሎ ነው።

እንግዲህ አንድ በአንድ ተከራከርን።

ሳሩን ልጀምር። ጅማ ላይ ሳር ማሳመር ማለት በክረምት በየሳምንቱ ማጨድ ማለት ነው። የሚያጭድ ሰው መክፈል አለ። ያን ሁሉ ከፍላችሁ ደግሞ በየጊዜው የሚቆረጥ ሳር አበባ አያወጣም፣ ዘር አያፈራም፣ ማንም አይበላበትም። ሰርዶው በራሱ በቅሏል፤ መርገጫውን ብቻ እያሳጠርን ሌላውን መተው ይቻላል። የተተወው ውስጥ ማገጥ ይወጣል፣ መስከረም ላይ ቢጫ አደይ ብቅ ይላል። ዘሩን ሲያደርቅ ድንቢጦች መጥተው ይለቅሙታል። ዲዛይነሩ «ታዲያ አረም ነው እኮ የምትይው» አለኝ። አዎ፣ አረም ነው የምልህ አልኩት።

ብሳናው ላይ ችክ አልኩ። ቤት ላይ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ እሱ አደጋ ነው። ግንዱ ግን ይቁም። የደረቀ ግንድ ሰው ሞተ ይለዋል እንጂ ውስጡ በትል የተሞላ ነው። ግንደ ቆርቁር የሚመጣው ለዚያ ነው። እሱ የበሳውን ጎድጓዳ ጥሎ ሲሄድ ሌላ ወፍ ይወርሰዋል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ጎጆዋ የዛፍ ቀዳዳ ነው፤ ራሷ ግን መብሳት አትችልም። ያ ሾላ የሚወደው ባለ ትልቅ መንቁር ወፍማ ጉዱ ሌላ ነው። ሴቷ ትልቅ የዛፍ ዋሻ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ታሽገዋለች። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች። ወንዱ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ በዚያች ቀዳዳ ፍሬ ያቀብላታል። በየግቢው ያረጀ ዛፍ ሁሉ ከተቆረጠ እነዚህ የት ይውለዱ? ይሄን ሁሉ ስዘበዝብ ልጆቹ ፀጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ «ለመቁረጡ ሁለት ሺህ ብር ይዘን ነበር፣ ይቀነስ?» አለ። ይቀነስ አልኩ።

ግራዋውን እናቴ ራሷ ተከራከረችለት። «አንተ ልጅ፣ ጠላ የጠጣህበት ጋን በምን የታጠበ መሰለህ?» አለችው። በበጋ ሌላው አበባ ሲጠፋ ግራዋ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ንብ ያኔ ሌላ ብዙ ምርጫ የላትም። ሲበዛ ትቆርጡታላችሁ፣ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ፏፏቴው የባሰ ነው። መብራት ሲኖር ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጅማ ላይ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ውሃው ይተኛል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ወባ ባለበት አገር ይሄ ጨዋታ አይደለም። እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው፦ የተሰነጠቀ የእንጀራ ምጣድ ነበረን፤ ጉልቻ ላይ አስቀመጥነው። ምጣድ ዝርግ ስለሆነ ዳሩን በሲሚንቶ ጥቂት ከፍ አደረግነው፣ ስንጥቁንም ደፈንነው። ውሃው ሁለት ጣት አይሞላም። ለወፍ ከዚያ በላይ ጥልቀት አያስፈልገውም። መሃሉ ላይ ከውሃው በላይ የሚወጣ ጠጠር ጣሉበት፤ ንብ እሱ ላይ ቆማ ትጠጣለች፣ አለዚያ ትሰምጣለች። ውሃው በሦስት በሦስት ቀን ይደፋል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ወጥታ ክንፍ እስክታበቅል ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በየሦስት ቀኑ የሚደፋ ውሃ ላይ አታድግም። ይሄ ሥራ የልጄ ነው። ሲረሳ እራቱ ይዘገያል።

ምጣዱን የት ማስቀመጥ እንዳለብን ግን የችግኝ ቤቱ ልጅ ነው የነገረን። ቁጥቋጦ ስር አታድርጉት አለ፤ ድመት ትሸምቅበታለች። በጣም ገላጣ ላይም አታድርጉት፤ ጭልፊት ሲመጣ ወፏ መሸሻ ታጣለች። ከሰንሰሉ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ አደረግነው። አያችሁ፣ ልጁ ያውቃል። ዲዛይን የሚሠራው ሌላ ሰው መሆኑ ነው ችግሩ።

ፓውዛውን ዝም ብዬ ሰረዝኩት። ሌሊት ዛፍ ላይ መብራት የምትለኩሱት ለማን ነው? የሌሊት ወፍና የእሳት እራት ጨለማ ይፈልጋሉ፣ እኛም ቆጣሪው እንዲቀንስ እንፈልጋለን። በር ላይ አንድ አምፖል አለን፣ ይበቃል።

ርጭቱ ላይ ግን ሳቄ አለቀ። ምን እንደሚረጩ ስጠይቅ ማላታይን አሉኝ። ማላታይን ተባይ ብቻ መርጦ አይገድልም። ንቡንም ቢራቢሮውንም ይገድላል፤ የተመረዘውን ትል የበላች ወፍም ትጎዳለች። የሐጂ ቀፎ ከአጥሩ ባሻገር ዋንዛው ላይ ተሰቅሏል። የሆነውን ሲሰሙ ራሳቸው መጡ። አልተቆጡም። በርጩማ ተሰጣቸው፣ ተቀመጡ። «ልጄ፣ የኔ ንብ የሷን አበባ ነው የምትበላው። እዚህ ብትረጭ እኔን ነው የረጨኸው» አሉት። ዲዛይነሩ ወዲያው ከወረቀቱ ላይ ሰረዘው። ሐጂ ይሄን ባይሉት እኔ ብቻዬን እረታው እንደነበር አላውቅም።

መንገዱን በሲሚንቶ ሙልጭ አድርገው ሊሸፍኑትም ነበር። ትንሽ ባዶ አፈር ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ እንዲተው ጠየቅኩ። ሁሉም ንብ ቀፎ ውስጥ አይኖርም፤ ብቻቸውን አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው የሚወልዱ ብዙ ዓይነቶች አሉ። ጣዝማም የምትኖረው መሬት ውስጥ ነው። ማሯ ስንት እንደሚሸጥ መድኃኒት ብሎ የገዛ ሁሉ ያውቃል። እኛ ግቢ ጣዝማ አልገባችም፣ ገብታለች ብዬ አልዋሽም። ሲሚንቶ ላይ ግን ጭራሽ እንደማትገባ እርግጥ ነው።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን ዲዛይነሩም እናቴም ልክ ነበሩ። ቅጠል ክምርና የእንጨት ቁልል እንዲቀር ፈልጌ ነበር፤ ጉርጥ፣ እንሽላሊት፣ እስስት እዚያ ይኖራሉ፣ ትሉንም ይበላሉ። እናቴ ያየችው ሌላ ነው። «እባብ ቤት ሠራሽለት» አለች። እሷም ያለ ምክንያት አልፈራችም። ስለዚህ ክምሩ ከቤቱ በጣም ርቆ ከኋላ ጥግ ሆነ። በቤቱ ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል ተጠርጎ ባዶ ይቀመጣል። ልጆቹ ወደዚያ ሲሄዱ ቦቲ ያደርጋሉ። አጥሩ ስር ለጉርጥ መግቢያ ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ትተናል። ከዚያ በላይ አልተውንም፤ ጅማ ነው፣ ማታ ጅብ አለ።

እስስት ላይ ግን እናቴ እስካሁን አልታረቀችም። ሰንሰሉ ላይ አንድ ትኖራለች። እናቴ ባየቻት ቁጥር ታማትባለች። ልጄ ደግሞ ድንጋይ እንዳይወረወርባት የሰፈሩን ልጆች ይጠብቅላታል።

በስተመጨረሻ ከዲዛይኑ የቀረው ምንድነው? መለካቱና አፈር ማስተካከሉ። የቀብዱን ገንዘብ መልሱልኝ አላልኩም፤ በችግኝ ይሁንልኝ አልኩ፣ ተስማሙ። ፍርስራሹን አንስተው መሬቱን ከፍ ዝቅ ያደረጉበት ሥራ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ውሃው ወደ ቤት ይመጣ ነበር፤ አሁን ወደ ቡናው ይሄዳል። ይህንን ብቻ ብትቀጥሯቸው ዋጋ አለው። የሳልኩትን ወረቀት ሰጥቻቸው በዚያ ነው የተከሉት። ተከላው ላይ ተቆጣጠሩ። አንደኛው ሠራተኛ ቸኩሎ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ሊቀብር ሲል ደርሼበታለሁ። ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ ስሩ ውስጡ ታፍኖ ይቀራል።

አሁን ግቢው ምን ይመስላል ለምትሉ፣ ጎረቤት «ጫካ አበቀላችሁ» ይለናል። የፈረስ ዘንጉ ብርቱካናማ አበባውን ሲያወጣ ያቺ አበባ መጣጭ ወፍ ከነባሏ ጠዋት ጠዋት አትጠፋም። ግንደ ቆርቁሩ ብሳናውን እየደበደበ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ዶቅማው ገና ልጅ ነው፤ ፍሬውን ለማየት ዓመታት እንጠብቃለን። ቡናው ላይ ብሳናው ስስ ጥላ ይጥልለታል። ሲያብብ ንቦቹ ይወርሩታል። የኛ ዓይነት ቡና ያለ ንብም ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ንብ ስትጨመርበት ግን ፍሬው የተሻለ ይይዛል።

ጦጣም መጣ። ይህን ማንም በሥዕሉ ላይ አልሣለውም። ከወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ተንጠላጥለው መጥተው ፓፓያችንን ሳይበስል ጨረሱት። አቮካዶውንም ቀጠፉት። የችግኝ ቤቱን ልጅ መፍትሔ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «የጫካውን ፍሬ ከኋላ፣ የራስሽን ፍሬ ከመስኮትሽ ስር» አለኝ። አሁን አዲሱ ፓፓያ የማዕድ ቤቱ መስኮት ስር ነው። እናቴ እዚያ ስለምትውል ትንሽ ይፈራሉ። ትንሽ። እንስሳ ወደ ግቢ መጥራት የፈለገ ሰው የትኛው እንስሳ እንደሚመጣ መምረጥ አይችልም፤ ይህ የማይዋጥለት ሰው ዱራንታውንና ጠጠሩን ቢገዛ ይሻለዋል።

ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት መካከለኛ ነው። ስልክ ያነሳሉ። ከወሰድኩት ውስጥ ዝግባው ደረቀ፤ «እንተካለን» አሉ፤ እስካሁን አልተኩም። ዝግባ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፣ የነሱም መተካት እንደሱ ነው። ዶቅማው፣ ኮረቹና ሰንሰሉ ግን ሁሉም ይዘዋል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሰኔ መግቢያ ላይ ሂዱ፣ ችግኙ ከፊቱ ሙሉ ክረምት እንዲኖረው። ሐምሌ ላይ መሥሪያ ቤቶች በመኪና መጥተው ጥሩ ጥሩውን ይወስዱታል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናብ ነው፣ ልጁም አይገኝም። ከፊት ያለውን አልፋችሁ ቀጥታ ወደ ኋላ ግቡ። አንድ ችግኝ ቀደው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ካልፈቀዱ ሌላ ቦታ ሂዱ። ቀብድ ከከፈላችሁ በወረቀት አጽፉ። ለማጓጓዝ ባጃጅ ይበቃል፣ ግን ከፕላስቲኩ ስር ጭቃ ይንጠባጠባል፤ ካርቶን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ሹፌሩ ሂሳቡን ይጨምርባችኋል።